ሰው የሚታወቀው ሲያስረዳ ነው

ስለ አጻጻፍ ስልት ሲወራ ወሬው ሁሌም ወደ አንድ ጎን ያጋድላል። ስልት አለው የሚባለው ጀምበር ስትጠልቅ የሚያሳየን፣ የሰው ፊት የሚስልልን፣ የዝናብ ሽታ አፍንጫችን ድረስ የሚያመጣልን ጸሐፊ ነው። አንድ ነገር እንዴት እንደሚሠራ ወይም ለምን እንደሆነ የሚያስረዳው ግን "ግልጽ ነው" ይባላል። በቃ። ከዚያ በላይ ምስጋና አይጠበቅለትም።

እኔ በዚህ አልስማማም። የጸሐፊው ማንነት ጎልቶ የሚወጣው ሲያስረዳ ነው ባይ ነኝ። ራሱን መደበቅ የሚከብደውም እዚያ ነው።

ቃላቱን ትምህርት ቤት በተማርነው መንገድ ነው የምጠቀምባቸው። ስዕላዊ ድርሰት አንድን ሰው፣ ቦታ ወይም ነገር በአምስቱ የስሜት ሕዋሳት በኩል አንባቢው ፊት የሚያቆመው ነው። ገላጭ ድርሰት ደግሞ ምንነትን፣ አሠራርን፣ ምክንያትንና ውጤትን የሚያብራራው። ሲያስተምሩን ለሁለቱ የተሰጠው ምክር የተለያየ ነበር። ለስዕላዊው "ቃላት ምረጥ፣ አስውብ፣ ስሜት ጨምርበት" ይባላል። ለገላጩ "ራስህን አውጣ፣ ፍሬ ነገሩ ላይ አተኩር" ይባላል። ብዙ ሰው ይህንን ይዞ ያድጋል። ከዚያ ስልቱን ፍለጋ ሲነሳ ቀጥታ የሚሄደው ወደ ቅጽል ነው።

ችግሩ ቅጽል የጋራ ንብረት መሆኑ ነው። በአማርኛ ቆንጆ ሴት ስትሳል አስቡ። አንገቷ መቃ፣ አፍንጫዋ ሰልካካ፣ ፀጉሯ የሐር ነዶ፣ ተረከዟ ሎሚ፣ ጥርሷ በረዶ። መጀመሪያ እነዚህን ያሉት ሰዎች በደንብ አይተው ነው ያሉት፤ ሎሚን ከተረከዝ ጋር ያገናኘ ዓይን ቀላል ዓይን አይደለም። ዛሬ ግን እነዚህን ቃላት ደርድሮ የሚጽፍ ሰው ሴትየዋን አላያትም። ያየው ቃላቱን ነው። መልኳን አንብበን ስንጨርስ መንገድ ላይ ብናገኛት አናውቃትም። ተፈጥሮ ላይም እንዲሁ ነው። ሰማዩ ያኮርፋል፣ ደመናው ያረግዛል፣ ነፋሱ ያፏጫል፣ ጨረቃዋ ታፍራለች። ስሙን ሸፍናችሁ ይህን የጻፈው ማነው ብትሉኝ መቶ ሰው ልጠራላችሁ እችላለሁ።

ስለዚህ ስዕላዊ ጽሑፍ ያማረ ሆኖ ማንም የጻፈው ሊመስል ይችላል። ይህ ነገር በቂ ትኩረት አላገኘም ብዬ አምናለሁ። ውበት እና ልዩነት አንድ አይደሉም። አንድ አንቀጽ ከዳር እስከ ዳር ሊያምር እና ውስጡ አንድም ሰው ላይኖር ይችላል።

ፈረንሳዊው ደራሲ ጊ ደ ሞፓሳን እ.ኤ.አ. በ1888 በታተመ ጽሑፉ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው) መምህሩ ጉስታቭ ፍሎቤር እንዴት ያሠለጥነው እንደነበር ያስታውሳል። ፍሎቤር ቆንጆ ዓረፍተ ነገር ጻፍልኝ አላለውም። በሩ ላይ የተቀመጠ ባለሱቅ፣ ፒፓውን የሚያጨስ በረኛ ስትጽፍ ከሌላ ባለሱቅ፣ ከሌላ በረኛ ጋር እንዳላምታታቸው አድርገህ አሳየኝ ነው ያለው። የጋሪ ፈረስም ሲሆን ከፊቱና ከኋላው ካሉት 50 ፈረሶች በምን እንደሚለይ በአንድ ቃል አሳየኝ ይለዋል። ትእዛዙን ልብ ብላችሁ እዩት። ስለ ቃል ውበት ምንም የለበትም። የጠየቀው እንዲለይለት ነው። መለየት ደግሞ የዓይን ሥራ ብቻ አይደለም፤ 50 ፈረሶችን በአሳብህ አሰልፈህ፣ የሚያመሳስላቸውን ሁሉ ጥለህ፣ የቀረውን አንድ ነገር መያዝ አለብህ።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። የሆስፒታል ማቆያ ክፍል እንሳል ብንል ቶሎ የሚመጣልን እንዲህ ያለ ነገር ነው፤ "ክፍሉ በከባድ ድባብ ተውጧል፤ በሁሉም ፊት ላይ ጭንቀት ይነበባል።" ይህን ለመጻፍ ክፍሉ ውስጥ መግባት አያስፈልግም። አሁን ደግሞ ይህን እዩ፤ "በሩ በተከፈተ ቁጥር ሁሉም ቀና ይላሉ። ጥግ የተቀመጡት ሽማግሌ ብቻ በሩ ሲዘጋ ነው ቀና የሚሉት።" እዚህ ውስጥ አንድም ያጌጠ ቃል የለም። ግን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ አይቷል። አይቶም አስቧል። አንባቢውም ሽማግሌው ምን እንደሚጠብቁ፣ ወይም መጠበቅ ትተው እንደሆነ ማሰብ ይጀምራል። ስልቱ ያለው ምርጫው ላይ ነው። ከሃያ ሰው መካከል አንዱን መርጦ፣ ከእሳቸውም ልብስና ጫማ ይልቅ ቀና የሚሉበትን ሰዓት መርጦ መጻፍ።

መምረጥ፣ መለየት፣ ማስቀደም የምላቸው እነዚህ ሥራዎች ግን የስዕላዊ ጽሑፍ ብቻ አይደሉም። እንዲያውም ገላጭ ጽሑፍ ሲጻፍ ሌላ ምንም የለም። ጌጡ ሲወሰድ የሚቀረው ይኸው ነው።

የሒሳብ ሰዎች የሚያውቁት አንድ ታሪክ አለ። በ1696 ዮሐን ቤርኑሊ ለአውሮፓ የሒሳብ ሊቃውንት አንድ እንቆቅልሽ አቀረበ። አንድ ነገር በስበት ኃይል ብቻ እየተሳበ ከአንድ ነጥብ ወደ ሌላ ዝቅ ያለ ነጥብ በጣም ባጠረ ጊዜ እንዲንሸራተት መስመሩ ምን ዓይነት ቅርጽ ይኑረው የሚል ነው። በ1697 ከእንግሊዝ አጭር መልስ ታተመ፤ ስም የለውም። ቤርኑሊ ግን ሲያየው አይዛክ ኒውተን እንደሆነ አልጠፋውም። "አንበሳ በጥፍሩ ይታወቃል" አለ። አንዳንዱ ሰው ይህማ የችሎታ ጉዳይ እንጂ የስልት አይደለም ይላል። እኔ ሁለቱን እንዲህ በቀላሉ መለያየት አልችልም። አንድ ሰው ወደ ችግሩ የሚገባበት በር፣ የሚዘለው ደረጃ፣ ማብራሪያ አያስፈልገውም ብሎ የሚያልፈው ነገር፣ ይህ ሁሉ ስልት ካልሆነ ስልት ምንድን ነው? ያ መልስ ውስጥ አንድም የጌጥ ቃል አልነበረም። ጸሐፊው ግን ታወቀ።

ሁለተኛው ታሪክ የበለጠ ይገርመኛል። በ1787 እና በ1788 የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ደግፈው የሚከራከሩ 85 መጣጥፎች "ፑብሊየስ" በሚል የብዕር ስም ወጡ። ከስሙ ጀርባ አሌክሳንደር ሃሚልተን፣ ጄምስ ማዲሰን እና ጆን ጄይ ነበሩ። ከመጣጥፎቹ 12ቱን የጻፈው ሃሚልተን ነው ወይስ ማዲሰን የሚለው ክርክር ለረጅም ዘመን ቆየ። ሁለቱ ሰዎች የአንድ ዘመን፣ የአንድ ትምህርት፣ የአንድ ዓላማ ሰዎች ናቸው፤ አጻጻፋቸውም በጣም ይቀራረባል። ፍሬድሪክ ሞስቴለር እና ዴቪድ ዋላስ የተባሉ የስታቲስቲክስ ምሁራን ነገሩን በቁጥር አጠኑት፤ ውጤቱንም በ1964 አሳተሙ። "ጦርነት" ወይም "ነፃነት" የሚሉትን ትልልቅ ቃላት አልተማመኑባቸውም፤ እነሱ ርዕሱን ተከትለው ይመጣሉና። የቆጠሩት ማንም ልብ የማይላቸውን ትንንሽ መስተዋድዶችና አያያዦች ነው። ሃሚልተን በሺህ ቃል ውስጥ ሦስት ጊዜ ያህል የሚጠቀምባት አንዲት መስተዋድድ አለች፤ ማዲሰን ጋ ከስንት አንዴ ካልሆነ አትገኝም። እንዲህ ያሉትን አንድ ላይ ሲመዝኑ 12ቱም ወደ ማዲሰን አጋደሉ።

ሰዎቹ በሙሉ ልባቸው "ፑብሊየስ" የሚባል አንድ ሰው መስለው ለመጻፍ እየጣሩ ነበር። ርዕሱ ስለ ሥልጣን ክፍፍልና ስለ ምክር ቤት ነው። አበባ የለ፣ ጨረቃ የለ። አያያዣቸው ግን አሳበቀባቸው። ቅጽሉን ጸሐፊው አስቦ ይመርጠዋል፤ ሲፈልግም የሌላ ሰው ቅጽል ይዋሳል። "ምክንያቱም"፣ "ይሁን እንጂ"፣ "ስለሆነም" የሚሉትን ግን አሳቡ ራሱ እየሄደ ነው የሚያነሳቸው።

"ስልት ማለት ሰውየው ራሱ ነው" የሚለውን ንግግር ብዙዎቻችን ሰምተናል። ብዙ ጊዜ ስለ ግጥምና ስለ ልብ ወለድ ሲወራ ነው የሚጠቀሰው። የተናጋሪው ማንነት ግን ይረሳል። ይህን ያለው ፈረንሳዊው ቡፎን የተፈጥሮ ሳይንስ ሰው ነበር፤ ዕድሜውን ያሳለፈው ስለ እንስሳትና ስለ መሬት አፈጣጠር የሚያስረዱ ብዙ ጥራዞች ሲጽፍ ነው። ንግግሩን ያደረገው በ1753 የፈረንሳይ አካዳሚ አባል አድርጎ ሲቀበለው ነው። ክርክሩም እንዲህ ነበር፤ ዕውቀትና ግኝት ከሰውየው ውጭ ያሉ ነገሮች ናቸው፣ ሌላ ሰው ወስዶ የራሱ ሊያደርጋቸው ይችላል፤ ስልት ግን ሰውየው ራሱ ነው። ስልት ምንድን ነው ለሚለውም ሰው ለአሳቡ የሚሰጠው ሥርዓትና እንቅስቃሴ ነው አለ። ሥርዓት እና እንቅስቃሴ። ይህን ሳነብ ደስ ይለኛል፤ በቅጽል ላይ የተንጠለጠለውን የስልት አረዳድ ከሥሩ ይነቅለዋልና።

ነገሩ በወሬ ብቻ እንዳይቀር አንድ ተራ ጉዳይ ልውሰድ። ቀዝቃዛ ውሃ የያዘ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ትንሽ ቆይቶ ውጭውን ያልበዋል። ለምን? አንዱ እንዲህ ያስረዳል፤

"እርጥበት ያዘለ አየር በጣም የቀዘቀዘ ነገር ሲነካ ሙቀቱ ይወርዳል። ሙቀቱ ከጤዛ ነጥብ በታች ሲሆን የውሃው ተን ወደ ፈሳሽነት ይለወጣል። በብርጭቆው ላይ የሚታየው ውሃ የዚህ ውጤት ነው።"

ሁለተኛው፤

"ብርጭቆው የሚያፈስ ይመስላል። አያፈስም። ውስጡ ያለውን ውሃ ቀይ ቀለም ጨምሩበት፤ ውጭ ያሉት ጠብታዎች ቀለም አይኖራቸውም። ከውስጥ ካልመጡ ከየት መጡ? ብርጭቆውን ከውጭ የነካው አየር ብቻ ነው። እንግዲያው ውሃው አየሩ ውስጥ ነበር።"

ሦስተኛው ደግሞ፤

"አሁን በምንተነፍሰው አየር ውስጥ ውሃ አለ። ተን ስለሆነ አይታየንም። አየሩ ሲሞቅ ብዙ ተን ሊኖርበት ይችላል፣ ሲቀዘቅዝ ግን የተወሰነው ወደ ውሃነት ይመለሳል። ጠዋት ሣር ላይ የሚታየው ጤዛ፣ ገላችንን ስንታጠብ መስታወቱን የሚጋርደው እንፋሎት፣ የብርጭቆው ላብ፣ ሦስቱም አንድ ናቸው።"

ፍሬ ነገሩ አንድ ነው። ሦስቱም ልክ ናቸው። ሦስቱም ያለ ጌጥ የተጻፉ ናቸው። ግን ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ እኔ በበኩሌ ሦስቱን ከድምፃቸው ለይቼ እሰማቸዋለሁ። የመጀመሪያው ሕጉን ያምናል። ከሕጉ ይነሳና ወደ ብርጭቆው ይወርዳል፤ ብርጭቆው ለሱ ማስረጃ ነው። ሁለተኛው አንባቢው ምን እንደሚጠረጥር ያውቃል። ጥርጣሬውን አይንቅበትም፤ አብሮት ይጠረጥርና በፈተና ያጸዳዋል። ሦስተኛው ዝምድና ፈላጊ ነው። አንድን ነገር ብቻውን ማየት አይሆንለትም፣ ቤተሰቡን ሁሉ ይሰበስባል። እነዚህ ሦስት ሰዎች ነገ ስለ ትኩሳት፣ ከነገ ወዲያ ስለ ባንክ ወለድ ቢጽፉ ማን የትኛውን እንደጻፈ ለመገመት የምንቸገር አይመስለኝም። ጀምበር ስትጠልቅ ግን ሦስቱም "ወርቃማ" ብለው ሊያርፉ ይችላሉ።

ከየት መጀመር የሚለው ጥያቄ ለእኔ ከሁሉ ይበልጣል። ከዚያ ቀጥሎ አንባቢውን ማን አድርገህ ነው የምታስበው የሚለው ይመጣል። የሚያውቅ ሰው ነው? የሚፈራ ሰው ነው? የተሳሳተ ነገር ሰምቶ የመጣ ነው? ይህን በግልጽ አንጽፈውም፤ ግን እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ለማን እንደተጻፈ ይናገራል። ምሳሌ መምረጥም አለ። ማይክል ፋራዴይ በለንደን ሮያል ኢንስቲትዩሽን ለወጣቶች ባቀረበው ተከታታይ ትምህርት፣ በ1861 በመጽሐፍ በወጣው፣ ኬሚስትሪን ያስረዳው ከአንድ ሻማ ተነስቶ ነው። ሰሙ እንዴት ይቀልጣል፣ በክሩ እንዴት ይወጣል፣ ነበልባሉ ውስጥ ምን ይነዳል፣ ሲነድ ምን ይወጣል እያለ አየር፣ ውሃ፣ ካርቦን፣ በመጨረሻም የሰው አተነፋፈስ ድረስ ይሄዳል። ወደ ተፈጥሮ ጥናት ለመግባት ከሻማ የተሻለ ክፍት በር የለም ብሎ ያምን ነበር። ፋራዴይ የመጽሐፍ ጠራዥ ተለማማጅ ሆኖ የጀመረ፣ መደበኛ ትምህርቱ እጅግ ጥቂት የሆነ ሰው ነው። ሒሳቡ ደካማ ነበር፤ ዓይኑና እጁ ግን ብርቱ። ሻማዋን ስታዩ ሰውየውን ታያላችሁ።

ታዲያ ገላጭ ጽሑፍ ይህን ያህል ሰው የሚያሳይ ከሆነ ዙሪያችን ያለው ገላጭ ጽሑፍ ለምን እንዲህ አንድ ዓይነት ሆነ? ሪፖርቱ፣ የጥናት ወረቀቱ፣ መግለጫው ሁሉ አንድ እጅ የጻፈው ይመስላል። "እንደሚታወቀው" ብሎ ይጀምራል። የሚታወቅ ከሆነ ለምን ይጻፋል? "ከዚህ ጋር በተያያዘ" ይላል፤ እንዴት እንደተያያዘ አይነግረንም። "የራሱ የሆነ አስተዋጽኦ አለው" ይላል፤ አስተዋጽኦው ምን እንደሆነ ሳይነገረን አንቀጹ ያልቃል። "ተደርጓል"፣ "ተገልጿል"፣ "ታምኖበታል" ይደረደራሉ፤ ማን እንዳደረገ፣ ማን እንደገለጸ፣ ማን እንዳመነ ግን የለም።

እኔ ይህ የችሎታ ማነስ አይመስለኝም። ፍርሃት ነው። ከየት እንደምትጀምር ስትመርጥ ኃላፊነት ትወስዳለህ። "ይህ ምክንያቱ ነው" ብለህ ስትጽፍ አይደለም የሚልህ ሰው ይመጣል። "ይህም የራሱ የሆነ አስተዋጽኦ አለው" ስትል ግን ማንም አይከራከርህም፤ ምንም አላልክምና። ስለዚህ ራስን ከጽሑፍ የማውጣት ምክር ብዙ ጊዜ የሚያወጣው ስሜትን ሳይሆን አሳብን ነው። ሰውየው ሲወጣ ፍርዱንም ይዞ ይወጣል። የቀረው አንቀጽ ሥርዓት አለው፣ ክፍሎቹ ሙሉ ናቸው፤ ግን ማንም አላሰበውም። ይህ እውነት ያሳዝነኛል። ብዙ ነገር የሚያውቁ፣ ሲያወሩ አፍ የሚያስከፍቱ ሰዎች እስክሪብቶ ሲይዙ እንዲህ ሲሆኑ ማየት ከባድ ነው። በቃል "ቆይ፣ እንዲህ አስበው" ብሎ የሚጀምረው ሰው ወረቀት ላይ "በመሠረቱ ጽንሰ ሐሳቡ ሲታይ" ይላል።

መፍትሔው ገላጭ ጽሑፍን በስዕላዊ ቃላት ማስጌጥ ነው የሚሉ አሉ። ይህ ደግሞ የባሰ ነው። ስለ ዋጋ ንረት የሚያስረዳ ጽሑፍ "እንደ ነበልባል የሚንቦገቦገው የገበያ እሳት" ሲል ማስረዳቱን ትቶ ወደ ጎን ሄዷል። ሁለቱ የጽሑፍ ዓይነቶች መገናኘት የለባቸውም ማለቴ ግን አይደለም። ቻርልስ ዳርዊን በ1859 ያሳተመው ስለ ዝርያዎች አመጣጥ የሚያስረዳ መጽሐፍ በአብዛኛው ትዕግሥት የሚጠይቅ የማስረጃ ክምችት ነው፤ ስለ ርግብ እርባታ እንኳ ብዙ ገጽ አለው። የመጨረሻው አንቀጽ ላይ ግን ቆም ይልና አንድ ዳገታማ መሬት ያሳየናል። ብዙ ዓይነት ዕፅዋት ተጥለቅልቀውበታል፣ ቁጥቋጦው ላይ ወፎች ይዘምራሉ፣ ነፍሳት ይበራሉ፣ ትሎች በእርጥቡ አፈር ውስጥ ይሳባሉ። ከዚያ ይህ ሁሉ እርስ በርሱ የተሳሰረ ነገር በዙሪያችን ባሉ ሕጎች የተገኘ መሆኑን ይነግረናል። ያ ስዕል መጀመሪያው ገጽ ላይ ቢሆን ኖሮ መደበኛ የተፈጥሮ ውበት ሆኖ ያልፍ ነበር። ከዚያ ሁሉ ማስረዳት በኋላ ሲመጣ ግን ወፉንም ትሉንም የምናያቸው ያነበብነውን ሁሉ ይዘን ነው። ስዕሉ ክብደቱን ያገኘው ከማብራሪያው ነው።

ጸሐፊ ጨርሶ መታየት የሌለበት ጽሑፍ መኖሩንም አልክድም። የመድኃኒት አወሳሰድ መመሪያ፣ የእሳት አደጋ መውጫ ትእዛዝ፣ የሕግ አንቀጽ። እዚያ ማንም የጸሐፊውን ድምፅ አይፈልግም፤ አንድ ሰው ተቸኩሎ ወይም ተጨንቆ ሲያነበው እንዳይሳሳት ነው የሚፈለገው። ነገር ግን እዚያም ቢሆን "እርጉዝ ከሆኑ አይውሰዱ" የሚለውን ከመጠኑ በፊት ማስቀመጥ ወይም ገጹ ግርጌ ላይ በትንሽ ፊደል መጣል የሰው ምርጫ ነው። አንዱ አንባቢዋን አስቧታል፤ አንዱ አላሰባትም።

የራሴን የአጻጻፍ ስልት እንዴት ላግኝ ብሎ ለሚጠይቀኝ ወጣት ጸሐፊ የምሰጠው ሥራ ጀምበር ስትጠልቅ መሳል አይደለም። በደንብ የምታውቀውን አንድ ነገር ለማያውቅ ለአንድ የተወሰነ ሰው አስረዳ እለዋለሁ። ጎማ መቀየርም ይሁን፣ ልጅ እንዴት ቋንቋ እንደሚለምድ፣ ዕዳ እንዴት እንደሚያድግ። ከዚያ ጽሑፉን ዘርጋና "እንደሚታወቀው" የሚለውን የመሰለ ሁሉ ሰርዝ። ቅጽሉንም አውጣ። ከቀረው ውስጥ መጀመሪያ የጻፍከውን ዓረፍተ ነገር ተመልከት፤ ብዙ ጊዜ እውነተኛው መጀመሪያ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ተደብቆ ይገኛል። እሱን ወደ ላይ አምጣውና ሌላው እንዴት እንደሚከተለው እየው። ቅጽሉ ከፈለገ በኋላ ይመለሳል፤ ያኔ ግን አንድ ሥራ ይዞ ነው የሚመለሰው።